«ያለው ይሄዳል አይደል?» ማርሽ ያለው ሳይክል እንዲገዙልህ ቤተሰብህን እንዴት ታሳምናለህ

መጀመሪያ እኔ ራሴ እንዴት እንዳበላሸሁት ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ነው፣ ማታ ነው፣ አባባ ከመግሪብ ሶላት ተመልሰው ገና ጫማቸውን እያወለቁ እኔ በር ላይ ጠብቄ «አባባ ጓደኞቼ በሙሉ ማርሽ ያለው ሳይክል ይዘዋል፣ እኔ ብቻ ነኝ በዚህ አሮጌ የምንከራተተው» አልኳቸው። ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም። «ያለው ይሄዳል አይደል?» አሉኝ። ይሄዳል አልኩ። በቃ አለቀ። ሶስት ቃል ነች፣ እኔ ግን ለሷ መልስ ለማግኘት ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። እናንተ ሰባት ወር እንዳትፈጁ ነው ይሄን የምጽፈው።

አንደኛ ነገር፣ «ጓደኞቼ አላቸው» የሚለውን ጭራሽ ተወው። ወሎ ውስጥ ላደገ አባት ይሄ ክርክር አይደለም ስድብ ነው፣ ከሰው አሳንሰኸኛል ማለት ነው የሚመስላቸው። «ሞዴሉ አዲስ ነው» «በጣም ይፈጥናል» ምናምንም እንደዛው። በተለይ ይፈጥናል እንዳትል! እናትህ ፍጥነት የሚለውን ቃል ስትሰማ የሚታያት ከጅቡቲ በባቲ በኩል የሚመጣው ተሳቢ ነው።

አንድ ቀን ዝም ብለህ ስማቸው። እኔ እማዬ ቡና እያፈላች እያለ ምንም ሳልጠይቅ «እማ ሳይክሉን ለምንድነው የምትጠይው?» አልኳት። አቦሉ እስኪያልቅ አወራች። «ያ ረቢ፣ አንተ ሐረጎን በሳይክል ትወርድና እኔን በቁሜ ቅበረኝ!» አለች። እኔ ሐረጎን፣ ያንን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ የመውረድ ሃሳብ እንኳን አልነበረኝም እኮ፣ ማለቴ ነበረኝ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ከዛ ደግሞ ስለ ኪቦርዱ አነሳች። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ አልቅሼ ያስገዛኋት ኪቦርድ ሁለት ወር ተጫውቼባት አሁን ቁም ሳጥን ላይ አቧራ እየጠጣች ነው። እዚህ ጋ ገባኝ። አባባ «ገንዘብ የለም» ሲሉኝ ገንዘቡ ሶስተኛ ነው፣ አንደኛው መንገዱን መፍራት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ እኔን አለማመን ነው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ስለ ገንዘቡ ነበር የምከራከረው።

ስለዚህ ከፍሬን ጀምር። ከማርሹ አትጀምር።

የድሮው ሳይክል፣ ያ ከባዱ ጥቁሩ የቻይና፣ ፍሬኑ በብረት ዘንግ ነው የሚሰራው። መሪው ስር ያለችውን እጀታ ስትስብ ዘንጉ ሁለት ትናንሽ ጎማዎችን ወደ ቸርኬው ይገፋል። ቸርኬው ደግሞ የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። በበጋ ደህና ነው፣ ይይዛል። ዝናብ ሲነካው ግን እርጥብ ብረት ላይ የፍሬኑ ጎማ ይንሸራተታል፣ ቸርኬው ጥቂት ዙር ዞሮ ውሃው እስኪጠረግ ድረስ ምንም አይይዝም፣ ያ «ጥቂት ዙር» ደግሞ ባጃጅ ድንገት ፊትህ ላይ ስትታጠፍ የሌለህ ነገር ነው። ሐምሌና ነሐሴን ኮምቦልቻ ለኖረ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። አሉሚኒየም ቸርኬ ያለው፣ ከሁለት ጎን በሽቦ የሚቆነጥጠው ፍሬን ከዚህ በጣም ይሻላል፣ ዲስክ ያለው ደግሞ ጭቃና ውሃም ብዙ አያስቸግረውም ምክንያቱም የሚይዘው ቸርኬውን ሳይሆን መሃል ላይ ያለውን ሳህን ነው። አንድ ነገር ጨምርበት፣ ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልግህ ርቀት 4 እጥፍ ነው የሚሆነው። ይሄን ለእናትህ በቁጥር አትንገራት፣ ለአባትህ ንገራቸው።

ግን ተጠንቀቅ፣ እዚህ ጋ ወጥመድ አለ። ሰፈራችን አንድ ልጅ ይሄንኑ ምክር ከኔ ሰምቶ ሄዶ የፍሬኑን አደጋ በጣም አጋንኖ አወራ፣ «ትናንት ልሞት ነበር» ሁላ አለ፣ አባቱም «እውነትህን ነው ልጄ» ብለው በሳምንቱ ሳይክሉን ሸጡት። አዲስ አልገዙም። አሁን በእግሩ ነው የሚሄደው እኔንም ሰላም አይለኝም። ስለዚህ ችግሩንና መፍትሄውን በአንድ ትንፋሽ ተናገር፣ ደግሞ ያልሆነውን አትጨምር። «ፍሬኑ ዝናብ ላይ አይይዝም፣ የፍሬን ጎማውን ቀይሬዋለሁ ትንሽ ተሻሽሏል ግን ቸርኬው ራሱ ነው ችግሩ» በል። ይሄ ብስለት ያለው ወሬ ነው። «ቀይሬዋለሁ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ብቻዋን ግማሽ መንገድ ትወስድሃለች፣ ምክንያቱም ያለህን ጠብቀህ እንደምትይዝ ታሳያለች፣ ያቺን ኪቦርድ ታስረሳለች (ሙሉ በሙሉ ባይሆንም)።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ እኔን ያበራልኝ ቀን።

አባባ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ነበሩ። ሰላሳ አመት ገደማ ሰንሰለት፣ ኩሽኔታ፣ ጥርስ ነው ስራቸው። እኔ ደግሞ ይሄን ሰውዬ በስልክ ቪዲዮ ላሳምን ስሞክር ነው የከረምኩት፣ ጅል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሳይክሉን ግቢ ውስጥ ገልብጬ ሰንሰለቱን በላምባ እያጠብኩ ነበር። አንድ ነገር አንብቤ ነበር፣ የሳይክል ሰንሰለት አዲስ ሲሆን ከአንዱ ፒን መሃል እስከ ሚቀጥለው ግማሽ ኢንች ነው፣ ስለዚህ 24 ክፍል ብትቆጥር ልክ 30.5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። 30.6 ካለፈ መቀየር አለበት፣ 30.8 ከደረሰ ግን ሰንሰለቱ ብቻ ሳይሆን ጥርሶቹም አብረው ተበልተዋል፣ አዲስ ሰንሰለት ብታስገባበት ይዘላል። እና በእስክርቢቶ ምልክት አድርጌ በፕላስቲክ ማስመሪያዬ ስለካ አባባ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ እያዳመጡ ያዩኛል።

«ምንድነው የምትለካው?»

«አባባ ይሄን ሰንሰለት እስቲ ይዩልኝ፣ እኔ ስለካው ረዝሟል ግን አላመንኩም።»

አላመንኩም ነው ያልኩት፣ «አልቋል» አላልኩም። ተነሱ። መነጽራቸውን ፈለጉ። ከዛ ወደ ውስጥ ገብተው ያንን የብረት ማስመሪያቸውን ይዘው መጡ፣ ከፋብሪካ ጊዜ ጀምሮ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀመጡትን እኛ እንዳንነካ የተከለከልነውን። ቁጢጥ አሉ። ሰንሰለቱን በሁለት ጣታቸው ወጠሩ፣ የመጀመሪያዋን ፒን መሃል ላይ ዜሮውን አስተካከሉ፣ በከንፈራቸው እየቆጠሩ እስከ 24 ሄዱ። 30.9። ምንም አላሉም። እንደገና ሌላ ቦታ ለኩ። ከዛ ጣታቸውን የኋላው ጥርስ ላይ አሳለፉ፣ ጥርሱ እንደ ሻርክ ክንፍ ወደ አንድ ወገን ተንጋዷል፣ «ይሄ እኮ አልቋል» አሉ። ለኔ አይደለም የሚናገሩት፣ ለራሳቸው ነው። «እኛ ጋ ቢሆን ይሄን ማሽን አቁመው ነበር።»

እኔ ዝም። እግዜር ይስጠኝ ዝም አልኩ፣ በህይወቴ ዝም ያልኩበት ብቸኛው ሰዓት ነው። «ያለው ይሄዳል አይደል?» ለሚለው መልሱን ራሳቸው ሰጡት።

የናንተ አባት የማሽን ሰው ላይሆን ይችላል። ሹፌር ከሆነ ስለ ፍሬን ሸራ ያውቃል፣ ልብስ ሰፊ ከሆነ ስለ ሲንጀር ማሽን ጥርስና ቀበቶ ያውቃል፣ ገበሬ ከሆነ ደግሞ ስለ ጭነት ካንተ በላይ ያውቃል። እሱ በሚያውቀው በር ግባ፣ አንተ በምታውቀው አትግባ። የማይደራደሩበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ማርሹን ማስረዳት ከዚህ በኋላ ቀላል ነው፣ ቾክ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ። የኔ የድሮው ሳይክል ፊት 48 ጥርስ ኋላ 20 ጥርስ ነው፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ 2.4 ጊዜ ይዞራል፣ በ28 ኢንች ጎማ ከ5 ሜትር በላይ መሬት ማለት ነው። ሜዳ ላይ አሪፍ ነው። ዳገት ላይ ግን በአንድ የፔዳል ዙር 5 ሜትር ሽቅብ ራስህንም ያንን ሁሉ ብረትም መሳብ አለብህ፣ ሌላ ምርጫ የለህም። ከጓደኛዬ ማርሽ ያለው ሳይክል ለአንድ ከሰዓት ተዋስኩና ግቢያችን ሲሚንቶ ላይ በቾክ አሰመርኩ፣ የድሮውን አንድ ዙር ገፋሁት ግቢው አልበቃ ብሎ በሩ ጋ ደረሰ። ከዛ የጓደኛዬን ፊት ትንሿን 24 ኋላ ትልቋን 28 አስገብቼ አንድ ዙር ገፋሁት፣ 2 ሜትር እንኳን አልሞላም። እማዬ ከማድቤት ብቅ ብላ «ታዲያ ይሄ አጭር ሄደ፣ ምኑ ነው የተሻለው?» አለች ሃሃ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አባባ ናቸው የመለሱላት፣ «አህያዋን ጦሳ ተራራ ላይ በአንዴ ኩንታል ከምትጭኛት በሶስት ዙር ብታመላልሻት ነው» አሏት። እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም። ስራው ያው ነው፣ በትንሽ በትንሹ ተካፍሎ ነው የሚመጣው፣ ጉልበትህም አይፈነዳም። ደሴ ለምትኖሩ ደግሞ ይሄ ክርክር እጥፍ ይሰራላችኋል፣ እዛ ከቤት ወጥቶ ዳገት ሳይነኩ ዳቦ መግዛት አይቻልም።

የቱን ሳይክል እንደምትጠይቅ ደግሞ ቀድመህ ወስን፣ እና ውዱን አትጠይቅ። ብዙ ልጅ ፊትም ኋላም አሞርዛተር ያለው ያምረዋል፣ እኔም አምሮኝ ነበር፣ ግን ርካሽ ላይ የተገጠመ የኋላ አሞርዛተር ክብደትና ሲጢጥ ሲጢጥ የሚል ድምጽ ነው የሚጨምርልህ፣ ጉልበትህን እሱ ይበላዋል። ዲስክ ፍሬንም ከሆነ በሽቦ የሚሳበውን ምረጥ፣ በዘይት የሚሰራው ይሻላል አይካድም ግን ዘይቱ ሲያፈስ የሚሞላልህ ሰው ከየት ታመጣለህ፣ ሽቦ ግን የትም አለ ራስህም በካቻቢቴ ታጠብቀዋለህ። ጎማውን 26 ኢንች አድርገው፣ 29 ዘመናዊ ነው ግን ካላማዳሪው ሲፈነዳ ሰፈርህ ያለው ሳይክል ሰሪ ጋ የሚኖረው 26 ነው። ለአባትህ ይሄን ስትነግራቸው «ውዱን ትቼ ይሄን የመረጥኩት መለዋወጫው ስለሚገኝ ነው» በል። ፊታቸው ሲለወጥ ታያለህ።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዛው ደግሞ የፊት ፍሬኑን ያዝና ሳይክሉን ወደፊት ወደኋላ ነቅንቀው፣ መሪው አንገት ላይ ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው ሄዷል ወይ ልል ነው። ጎማዎቹን አንስተህ አሽከርክር፣ ቸርኬው የሚጨፍር ከሆነ ዋጋ አስቀንስ። ብረቱ የተበየደበት ቦታ ላይ ቀለሙ እንደ ጸጉር ከተሰነጠቀ ተወው ሂድ፣ በነጻም አትውሰድ። ደረሰኝ ከሌለው ደግሞ ሻጩን የሚያውቅ ምስክር ይኑር፣ የተሰረቀ ሳይክል ቤት ይዘህ መጥተህ ከዛ በኋላ ምንም አትጠይቅም።

ስለ ገንዘብ። ብሩ በ2016 ሐምሌ ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የድሮ ዋጋ ይዞ መከራከር ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ «አምና እንዲህ ነበር» አትበል፣ ሂድና የዛሬውን ከሶስት ሱቅ ጠይቀህ በወረቀት ጻፍ፣ ከነሄልሜቱ ከነቁልፉ። ሄልሜቱን ረስተህ በኋላ ብትጠይቅ እንዳታለልካቸው ነው የሚቆጥሩት። እኔ የሰፈር ልጆች እቁብ ገባሁ፣ በሳምንት 200 ብር፣ 25 ሰው ነን፣ ካርድ እየሸጥኩ ነበር የምከፍለው፣ እጣው ሲደርሰኝ 5,000 ብሩን ይዤ አባባ ፊት አስቀመጥኩት። ከዋጋው ሲሶ አይሞላም። ግን የብሩ መጠን አይደለም የሰራው፣ እቁብ አንድም ሳምንት ሳልዘል መክፈሌን የእቁቡ ሰብሳቢ ራሱ መስጂድ በር ላይ ለአባባ ነግሯቸው ነበር። ኪቦርዷ የዛን ቀን ተቀበረች።

ሰዓት ምረጥ። ለኢድ ልብስ የሚገዛበት ሳምንት፣ መስከረም ደብተር የሚገዛበት፣ ቤት ውስጥ ለቅሶ ወይ ሰርግ ያለበት፣ እነዚህን እለፍ። ጥሩው ሰዓት ከሰዓት ቡና ላይ ነው፣ አቦል ላይ ወሬ ነው፣ ቶና ላይ ሐሜት ነው፣ በረካ ላይ ግን ምርቃት ይመጣል ሰውም ልቡ ይለሰልሳል። እና አንተ ብቻህን አትናገር፣ የሚናገርልህ ሰው ይኑር። እኔ ጎረቤታችን ያሉትን ትልቅ ሰው ነበር ቀድሜ ያማከርኩት፣ አባባ ከሳቸው ቃል አይወጡም። በረካ ላይ «ይሄ ልጅ እኮ ሳይክሉን ሲጠግን አየዋለሁ፣ አላህ ያሳድገው» ብቻ ነው ያሉት። ግዙለት አላሉም። ከዛ በላይ ቢሉ ይበላሽ ነበር፣ የተላከ ሽማግሌ ይመስላል። ውጪ ሀገር ያለ አጎትህን ደግሞ እንዳታስገባ፣ እሱ «እኔ እልክለታለሁ» ሲል አባትህ ይከፋቸዋል፣ ነገሩ ከሳይክል ወጥቶ ሌላ ነገር ይሆናል።

ስለ ሻምፒዮን ማውራትም አልመክርም። እኔ ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ በ2008 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ መወዳደሩን፣ ሀገራችን በ1949 ሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ ብስክሌተኞች እንደነበሩባት ሁሉ ተርኬላቸዋለሁ። አባባ በጣም ወደዱት፣ አዳመጡ፣ «ማሻአላህ» አሉ። ከዛ «አንተስ ስንተኛ ወጣህ ሒሳብ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ስለ ቃል መግባት። እሺ ሊሉህ ሲቃረቡ ቅድመ ሁኔታ ይመጣል፣ አንተ ግን ቀድመህ ራስህ አቅርበው፣ ልትጠብቀው የምትችለውን ብቻ። አንደኛ እወጣለሁ አትበል፣ አትወጣም። እኔ ሶስት ነገር ነው ያልኩት፣ ያለ ሄልሜት አልነዳም፣ ከመሸ አልነዳም፣ ሐረጎን ብቻዬን አልወርድም። ሶስተኛዋ ለእማዬ ናት። ደሴና ኮምቦልቻ መሃል 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከፍታው ግን ወደ 600 ሜትር ይለያያል፣ ያ ሁሉ ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው መኪናውም ብዙ ነው፣ እዛ ላይ ፍሬን ይዘህ ብቻ ከወረድክ ይግላል ጉልበቱም ይቀንሳል፣ ጭብጥ ለቀቅ እያደረግክ ከመታጠፊያው በፊት ነው ፍጥነትህን ማብረድ ያለብህ። ይሄን ማወቄን ስነግራት ነው የተረጋጋችው እንጂ «አብሽሪ ምንም አልሆንም» ስላት አልነበረም፣ ምንም አልሆንም ማለት ለእናት መርዝ ነው።

ሴት ልጅ ከሆንሽ ሌላ ግድግዳ አለብሽ፣ «ሰው ምን ይላል» የሚል፣ እሱን እኔ አላውቀውም ብዬ አልዋሽሽም እህቴ ያለፈችበት ነው። እሷ የተጠቀመችው የኮሌጅ መንገድ ነው፣ በወር ለባጃጅ የምታወጣውን ለሁለት ወር በደብተር መዝግባ ለእማዬ ሰጠቻት። እማዬ ብር ስትቆጥር ሰው ምን ይላልን ትረሳለች። ከታናሽ ወንድሟ ቀድማ ነው ያገኘችው፣ ማለትም ከኔ፣ ይሄን ላለመጻፍ ነበር ሃሳቤ።

እምቢ ቢሉስ? ይሉሃል፣ ቢያንስ አንዴ። በር አትደብድብ፣ እራት አትተው፣ ለሶስት ቀን አታኩርፍ። «እሺ አባባ» በልና ሰኞ ዕለት ሰንሰለቱን ቀይር፣ የፍሬኑን ጎማ ቀይር፣ ባለው ሂድ። ከሁለት ሶስት ወር በኋላ እንደገና ስትጠይቅ ያኔ «ይሄ ልጅ አልተወውም» ነው የሚሉት። እኔ ሁለተኛው ላይ ነው ያለፍኩት።

ሳይክሉ ቤት የገባ ሰሞን አንድ ጠዋት ለፈጅር ሶላት ተነስቼ ስወጣ ሳይክሉ የለም። ልቤ ቀጥ አለ፣ ተሰረቀ ብዬ እየሮጥኩ ወደ አስፋልቱ ስወጣ አባባ ነጭ ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ከመስጂዱ በኩል ቀስ እያሉ ይመጣሉ፣ ያቺ ትንሽ ዳገት ላይ ደርሰው ቆመዋል፣ ሄልሜቴን ኮፍያቸው ላይ ደርበውታል። ሲያዩኝ ትንሽ አፈሩ። ከዛ እንደ ምንም ሳይሆኑ «ያቺ ትንሿ ማርሽ በየትኛው እጅ ነበር የምትገባው?» አሉኝ።